«መጠን» እና «መሬት»፦ የወለል ማሞቂያ ቴርሞስታት ስያሜና የትርጉም ችግሮቹ

መግቢያ

ለአንድ አዲስ ዕቃ የአማርኛ ስም ሲታጣ ወቀሳው ብዙውን ጊዜ በቋንቋው ላይ ይወድቃል። ቋንቋው ድኻ ነው ይባላል፤ መፍትሔውም ወይ የባዕዱን ቃል እንዳለ መቀበል፣ ወይ ከግእዝ ሥር አዲስ ቃል መቅረጽ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ አንድ አነስተኛ ዕቃ ይዞ ችግሩ ሌላ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል። ዕቃው በወለል ሥር የሚዘረጋውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በተወሰነ ልክ የሚያበራና የሚያጠፋው ቴርሞስታት ነው። የዚህን ዕቃ የአተካከል መመሪያ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ የሚቸገረው ቃል በማጣት ሳይሆን፣ አንዱ ቃል ሁለትና ሦስት ነገር እየጠራ ስለሚደራረብበት ነው። መደራረቡ በሥነ ጽሑፍ ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ በኤሌክትሪክ ሥራ ግን የሰው ሕይወት ያጠፋል።

ምሳሌዎቻችንን በተቻለ መጠን ከሲናና፣ ከሮቤና ከጎባ አካባቢ እንወስዳለን። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ ከጎባ በስተደቡብ ያለው የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ያህል ሲሆን፣ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በበጋው ወራት ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ውርጭ የሚጥልበት አገር ነው። በአካባቢው ቤቶች ወለል ሥር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ መዘርጋት እስካሁን የተለመደ አይደለም፤ ሰው የሚሞቀው በምድጃው ዙሪያ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ሙቀትና ስለ ቅዝቃዜ የሚነገሩ ቃላት የሚፈተኑት ብርድ የዕለት ኑሮ በሆነበት ቦታ ስለሆነ፣ ለስያሜ ጥናት ከዚህ የተሻለ መስክ አይገኝም።

የብርድና የሙቀት ቃላት

አማርኛ ለቅዝቃዜ የሚጠቀምባቸው ቃላት ብዙ ናቸው፦ ብርድ፣ ቅዝቃዜ፣ ቁር፣ ውርጭ፣ አመዳይ። እነዚህ በዘፈቀደ የሚለዋወጡ አይደሉም። «ብርድ» በአብዛኛው ሰው የሚሰማውንና አየሩ የያዘውን ያመለክታል፤ «ቅዝቃዜ» በዕቃም በቦታም ላይ ይነገራል፤ «ውርጭ» እና «አመዳይ» ሌሊት ጥሎ ጧት ሣር ላይ የሚታየውን ነገር ይጠራሉ። ግእዙ «ቍር» ደግሞ በድምፅም በትርጉምም ለኦሮምኛው «ቆራ» በጣም ይቀርባል፤ የሲናና አርሶ አደር ስለ ብርድ ሲናገር የሚጠራው ይህንኑ «ቆራ» የሚለውን ቃል ነው።

በሙቀት በኩልም እንዲሁ ሙቀት፣ ግለት፣ ትኩሳት፣ ወበቅ፣ ሐሩር አሉ። ብረት ይግላል፤ ሕመምተኛ ያተኩሳል፤ ቆላው ይወብቃል። ከሁሉ ሰፊው ግን «ሞቀ» የሚለው ግስ ነው። ሰው «ሞቀኝ» ሲል ግሱ ሰውዬውን ተሳቢ አድርጎ ስሜቱን ይነግራል፤ ጨዋታም ይሞቃል፤ መጠጥ የቀመሰም ሞቅ ይለዋል። ከዚህ ግስ የወጣው «ሙቀት» የሚለው ስም ስለዚህ ከመጀመሪያው የስሜት ቃል ነው፤ ቁጥር የሚሰጠው መለኪያ ግን የማንንም ስሜት አይጠይቅም።

ሳይንሱ ሁለት ነገር ለይቶ ይጠራል። አንደኛው ከአንድ አካል ወደ ሌላው የሚተላለፈው ጉልበት ነው፤ ሁለተኛው አካሉ ያለበት የሙቀት ደረጃ ሲሆን በዲግሪ ይለካል። አንድ ስኒ የፈላ ውሃና አንድ በርሜል የፈላ ውሃ ደረጃቸው እኩል ነው፤ በውስጣቸው የያዙት ጉልበት ግን እጅግ ይለያያል። የዲግሪው አለካክ ራሱ ረጅም ዕድሜ የለውም፤ ፋራናይት መለኪያውን ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1724፣ ሴልሲየስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1742 ነው። በአማርኛ የትምህርት መጻሕፍት ለሁለተኛው ጽንሰ ሐሳብ «መጠነ ሙቀት» የሚለው ቃል ገብቷል፤ የአየር ጠባይ ዘገባም «የሙቀት መጠን» ይላል። ቃሉን በጥሬው ብንመለከተው «የሙቀቱ ብዛት» ማለት ስለሆነ የሚጠቁመው ወደ አንደኛው ጽንሰ ሐሳብ ነው። ሆኖም ቃል የሚጸናው በአመክንዮ ሳይሆን በልማድ ነውና አሁን መለወጥ ጉዳቱ ያይላል። ተርጓሚው ሊጠነቀቅበት የሚገባው ሌላ ነገር ነው፦ «የሙቀት መጠን»ን ለዲግሪ ከተጠቀመበት፣ በዚያው ገጽ ላይ ለዋት ሊጠቀምበት አይችልም። የወለል ማሞቂያ መመሪያ «150 ዋት በካሬ ሜትር» እና «28 ዲግሪ» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ሁለቱንም «የሙቀት መጠን» ያለ ትርጉም አንባቢውን ከቁጥሮቹ የትኛውን በመሣሪያው ላይ መሙላት እንዳለበት ሳይነግረው ያልፋል። ለዋቱ «የማሞቅ ኃይል» ማለት ይበቃል።

የዕቃው ታሪክ

ወለልን ከሥር ማሞቅ ጥንታዊ ጥበብ ነው። ሮማውያን የመታጠቢያ ቤቶቻቸውን ወለል በአጫጭር ምሰሶዎች ላይ አንሥተው የእሳት ትኩስ አየር ከሥሩ እንዲያልፍ ያደርጉ ነበር፤ «ሂፖካውስት» የተባለበት ስምም በግሪክኛ «ከሥር ማንደድ» የሚል ሐሳብ ይዟል። ኮሪያውያን «ኦንዶል» የሚሉት አሠራር የምድጃን ጭስ በድንጋይ ወለል ሥር ያሳልፋል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ይህ ጥበብ ከሚኖርበት ሕዝብ ጋር ተገናኝቷል፤ ቃሉ ግን በአማርኛ ሥር አልሰደደም። ዕቃው ሳይመጣ ስሙ ብቻውን አይቆይምና ይህ የሚያስደንቅ አይደለም።

በእነዚህ ጥንታዊ ወለሎች ሁሉ ሙቀቱን የሚመጥነው እሳት የሚያነደው ሰው ነበር። ሰውየውን የሚተካ መሣሪያ የመሥራቱ ሙከራ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሆላንዳዊው ኮርኔሊስ ድሬብል ራሷን በምትቆጣጠር ምድጃ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1830 የስኮትላንዱ ኬሚስት አንድሩ ዩር ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቀው ሲሞቁ እኩል ባለመለጠጣቸው የሚጎብጡበትን ጠባይ ተጠቅሞ መሣሪያ አስመዘገበ፤ «ቴርሞስታት» የሚለውም ስም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ስሙ ከግሪክኛ «ሙቅ» እና «የቆመ፣ የጸና» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተቀረጸ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 ደግሞ አሜሪካዊው መምህር ዋረን ጆንሰን የኤሌክትሪክ የክፍል ቴርሞስታት አስመዘገበ። የእርሱ መሣሪያ በመጀመሪያ መልእክተኛ ብቻ ነበር፤ የመማሪያ ክፍሉ ከልኩ ሲወጣ ከምድር ቤት ላለው የምድጃ ሠራተኛ ደወል ይደውላል፤ እጅ የሚሰነዝረው ሠራተኛው ነበር። ዛሬ በግድግዳ ላይ የሚተከለው ዕቃ መልእክተኛውንም ሠራተኛውንም አጣምሮ ይዟል፤ ይዳስሳል፣ ያመዛዝናል፣ ያበራል፣ ያጠፋል። ስያሜ ፈላጊው ከአራቱ ተግባራት የትኛውን ለስም እንደሚመርጥ መወሰን አለበት።

መብራት፣ ማብሪያ ማጥፊያና ምጣድ

ወደ አገራችን ስንመለስ ኤሌክትሪክ የገባው በብርሃን መልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የበራው አምፖል ለጉልበቱ ሁሉ ስም አወጣለት፤ ሕዝቡ «መብራት» አለው። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤትም በስሙ ውስጥ መብራትንና ኃይልን አጣምሮ ስለያዘ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1988 በዋቤ ሸበሌ ወንዝ ላይ ሥራ የጀመረው የመልካ ዋከና ማመንጫ 153 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ከባሌ ደጋ የሚርቅ አይደለም፤ የሚሰጠው ጉልበት ሞተር ቢያዞርም ብረት ቢያቀልጥም በሕዝብ አነጋገር ያው «መብራት» ነው። ስለዚህ «በመብራት የሚሞቅ ወለል» የሚለው ሐረግ ለሮቤ ነጋዴ ግልጽ ነው፤ በአምፖል የሚሞቅ አይመስለውም። ተርጓሚው በጽሑፍ ደረጃ «ኤሌክትሪክ»ን ቢመርጥም የሕዝቡን ቃል እንደ ስሕተት መቁጠር አይገባውም።

ከዚሁ ዘመን ሕዝቡ የቀረጸው እጅግ የተዋጣለት ስያሜ «ማብሪያ ማጥፊያ» ነው። ማንም ምሁር ሳያስፈልገው ዕቃውን በሁለት ተቃራኒ ተግባሮቹ ጠራው። የእጅ ባለሙያው ሌሎች መሣሪያዎቹን ከጣልያንኛ «ፒንሳ»፣ «ካቻቢቴ» እያለ ሲወስድ፣ ለዚህ ግን ከራሱ ቋንቋ ስም ሰጥቷል። ቴርሞስታት ደግሞ በባሕርዩ ራሱ የሚበራና ራሱ የሚጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ነው።

የወለል ማሞቂያውም ቢሆን ለእኛ ፍጹም እንግዳ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን በአሠራር የቅርብ ዘመዱ ነው። በምጣዱ ሸክላ ሥር በተቆፈረ ቦይ ውስጥ የሚግል ሽቦ ተጠምዝዞ ይተኛል፤ ከዚያም ይደፈናል። ሽቦው ሸክላውን ያሞቃል፤ ሸክላው ሙቀቱን አደላድሎ ወደ ላይ ይሰጣል። በወለሉ ውስጥ ያለው ገመድም ሲሚንቶውን ያሞቃል፤ ሲሚንቶው ለእግር ይሰጣል። ልዩነቱ በኃይሉ ነው። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ሲፈልግ፣ 6 ካሬ ሜትር ወለል በ150 ዋት ሒሳብ 900 ዋት ይበቃዋል። ስለዚህ ተርጓሚው «የማሞቂያ ገመድ»ን ለማስረዳት ሲቸገር የምጣዱን ሽቦ ቢያስታውስ አንባቢው ወዲያው ይገባዋል። ጋጋሪዋ ምጣዱ መጋሉን በእጇና በዓይኗ መርምራ ማብሪያ ማጥፊያውን ትነካለች፤ በወለሉ ግን ይህን ሥራ የሚሠራው ቴርሞስታቱ ነው።

ለዕቃው የሚቀርቡ ስሞች

በአገልግሎት ላይ ያለው ወይም ሊቀርብ የሚችለው ስም ከአራት አይበልጥም።

አንደኛው «ሙቀት መቆጣጠሪያ» ነው። ቃሉ ቀና ቢሆንም ሰፊ ነው፤ የምድጃ ቁልፍም፣ መስኮትም፣ ማራገቢያም ሙቀት መቆጣጠሪያ ነው። ሁለተኛው «ሙቀት ጠባቂ» ነው። ይህ አንባቢውን ወደ ፔርሙዝ ይወስደዋል፤ ፔርሙዝ ሙቀት እንዳይወጣ ይጠብቃል እንጂ ልክ አያውቅም። ሦስተኛው ባዕዱ ቃል «ቴርሞስታት» ሲሆን፣ ማቀዝቀዣና ካውያ የሚጠግኑ ባለሙያዎች ስለሚያውቁት በመለዋወጫ ሱቅ ፈጥኖ ያግባባል።

አራተኛው በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው «ሙቀት መጣኝ» ነው። «መጠነ» በግእዝም በአማርኛም የሚኖር ግስ ነው፤ በማጀት ሽሮ ይመጠናል፤ እሳትም ይመጠናል። መመጠን መለካት ብቻ አይደለም፤ እንዳይበዛም እንዳያንስም አድርጎ መስጠት ነው። ይህም ከላይ ከተዘረዘሩት አራት ተግባራት ማመዛዘኑን፣ ማብራቱንና ማጥፋቱን በአንድነት ይይዛል። «መጣኝ» የሚለው ቅርጽም አድራጊን ስለሚያመለክት፣ ዕቃው ያለ ሰው እጅ በራሱ የሚሠራ መሆኑን «መቆጣጠሪያ» ከሚለው የመሣሪያ ቅርጽ ይልቅ ይገልጻል። በተጨማሪም «መጠነ ሙቀት» ከሚለው ከተለመደው ቃል ጋር አንድ ሥር ስላለው ሁለቱ ይደጋገፋሉ። የዕቃውን ስም ለሚገዛው ሰው «ቴርሞስታት» ብሎ፣ ሥራውን ለሚማረው ሰው «ሙቀት መጣኝ» ብሎ በመጀመሪያው ገጽ ማጣመር ሁለቱንም አንባቢ ያገለግላል።

የአተካከሉ መመሪያና አደገኛ ቃላት

የዕቃው ስም ቢሳሳት የሚደርሰው ጉዳት ግራ መጋባት ነው። ከስሙ ይልቅ የሚያሠጉት በአተካከሉ ሂደት ውስጥ የሚመጡት ተራ ቃላት ናቸው። ሂደቱ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ኃይሉ ከብሬከሩ ይቋረጣል፤ መቋረጡም በመለኪያ ይረጋገጣል። የማሞቂያው ገመድ መከላከያነት በኦም መለኪያ ሦስት ጊዜ ይለካል፤ ከመዘርጋቱ በፊት፣ ከተዘረጋ በኋላ፣ ሴራሚኩ ከተነጠፈ በኋላ። ቁጥሩ አምራቹ ከጻፈው ከራቀ ገመዱ ተጎድቷል ማለት ነው። ሙቀቱን የሚለካው ዳሳሽ ጫፉ በተደፈነ ቱቦ ውስጥ ሆኖ በሁለት የገመድ መሥመሮች መካከል ይተኛል፤ ሲበላሽ ወለሉ ሳይፈርስ ተስቦ እንዲለወጥ ነው። መጣኙ ፀሐይና ነፋስ በቀጥታ በማያገኘው ግድግዳ ላይ ይተከላል። ብዙዎቹ የሚሸከሙት እስከ 16 አምፔር ነው፤ ይህም በ220 ቮልት 3,520 ዋት ያህል ይሆናል። በሲሚንቶ የተለሰነ ወለል በሚገባ ሳይደርቅ ማሞቂያው አይበራም።

በዚህ አጭር ቅደም ተከተል ውስጥ አራት የቃል ወጥመዶች አሉ።

የመጀመሪያው «መሬት» ነው። በአማርኛ ወለሉም መሬት ነው፤ «መሬት ተቀመጠ» እንላለን። የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ወደ ምድር የሚያወርደው የመከላከያ ሽቦም «የመሬት ሽቦ» ይባላል። እንግዲህ «ሽቦውን ከመሬት ጋር አያይዝ» የሚል ዐረፍተ ነገር በወለል ማሞቂያ መመሪያ ውስጥ ሲገባ ሁለት ንባብ ይኖረዋል፦ ሽቦውን በወለሉ ላይ ለጥፈው፣ ወይም ከመከላከያው መሥመር ጋር ቋጥረው። የመጀመሪያውን የተረዳ ሠራተኛ የገመዱን የብረት ልባስ ሳያያይዘው ይተወዋል፤ ገመዱ አንድ ቀን ሲጎዳም በእርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግሩ የሚቆም ሰው የፍሳሹ መንገድ ይሆናል። ይህ መደራረብ የአማርኛ ብቻ አይደለም። ኦሮምኛው «ለፋ» ምድርንም መሬትንም እግር የሚረግጠውንም ይጠራል፤ ስለዚህ ለሲናና ባለሙያ መመሪያውን በኦሮምኛ የሚያዘጋጅ ተርጓሚም ያው ወጥመድ ይጠብቀዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። የሚረገጠውን ሁልጊዜ «ወለል»፣ ሽቦውን ደግሞ ባለሙያው እንደሚጠራው «ኧርዝ» ማለትና ቢያንስ አንድ ጊዜ «የምድር መከላከያ ሽቦ» ብሎ መፍታት ነው። በዚህ ቦታ ባዕዱ ቃል ከአገሩ ቃል ይልቅ ሕይወት ይጠብቃል።

ሁለተኛው «ፌዝ» ነው። ባለሙያዎች ኃይል የያዘውን ሽቦ «ፌዝ»፣ መላሹን «ኒውትራል» ይሉታል። በአማርኛ ግን ፌዝ ቧልትና መሳለቂያ ነው። ሙያውን የሚያውቅ አይሳሳትም፤ ጀማሪው ግን «ፌዙን አትንካ» የሚለውን ትእዛዝ በጽሑፍ ሲያነብ ፈገግ ሊል ይችላል። ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው ሽቦ ስሙ ፌዝ መሆኑ የድምፅ አጋጣሚ ነው፤ ቢሆንም በመመሪያ ውስጥ «ኃይል ያለበት ሽቦ (ፌዝ)» ብሎ መጻፍ ይገባል።

ሦስተኛው የመከለል ቃል ነው። ከገመዱ ሥር የሚነጠፈው ሙቀት ወደ ታች እንዳይወርድ የሚከለክል ሲሆን፣ በገመዱ ላይ ያለው ልባስ ደግሞ ኤሌክትሪክ እንዳይወጣ ይከለክላል። ባዕዱ ቃል ለሁለቱም አንድ ስለሆነ ተርጓሚውም አንድ ቃል ሊደግም ይፈተናል። «ሙቀት የማያሳልፍ ንጣፍ» እና «ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ልባስ» ብሎ መለየት ይሻላል። የተጎዳ ንጣፍ ሙቀት ያባክናል፤ የተጎዳ ልባስ ግን ይገድላል።

አራተኛው ወሰንን ይመለከታል። ከፍተኛውን ልክ በዘመኑ አነጋገር «ጣሪያ» ማለት ተለምዷል፤ የዋጋ ጣሪያ እንደሚባለው። «የወለሉ ሙቀት ጣሪያ 28 ዲግሪ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ግን ቤት ውስጥ ቆሞ ወለልና ጣሪያ ለሚያይ ሰው መሣቂያ ነው። «የወለሉ የመጨረሻ ልክ» በቂ ነው። «ልክ» በአማርኛ መለኪያም፣ ወሰንም፣ ትክክልም መሆኑ በዚህ ቦታ ይጠቅመናል፤ መጣኙ የሚጠብቀው ይህንኑ ልክ ነው።

«ዳሳሽ» የሚለው ግን የተሳካ ቃል ነው። መዳሰስ በጨለማ በእጅ ነክቶ ማወቅ ነውና በሲሚንቶ ውስጥ ተቀብሮ ሙቀትን በመንካት የሚያውቀውን ዕቃ በሚገባ ይስለዋል።

የመዝገበ ቃላት ድርሻ

ከላይ የተመለከትናቸው ቃላት ታሪክ የአማርኛን መዝገበ ቃላት ሥራ መንገድ ያሳያል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ሲታተሙ ትኩረታቸው ያለውን ቃል ከሥሩ መፍታት ነበር። በ1964 ዓ.ም. አካዳሚው ሲቋቋም ለሌለው ጽንሰ ሐሳብ ስም የማውጣት ተግባር ተጨመረ፤ በኋላም ሥልጣኑ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ሰፋ፤ የሥራውም ፍሬ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ሆነ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም እንዲህ ያለ መዝገበ ቃላት ለእያንዳንዱ ቃል ለየብቻ አቻ ይሰጣል፤ ሁለት አቻዎች በአንድ ገጽ ሲገናኙ ይጋጩ እንደሆነ ግን አያሳይም። «መሬት» ለኧርዝ ሽቦ ሊቀርብ ይችላል፤ «መሬት» ለወለልም እንዲሁ፤ ጉዳቱ የሚታየው ሁለቱ በአንድ መመሪያ ሲገቡ ብቻ ነው። ስለዚህ የስያሜ ሥራ ከእንግዲህ ከቃል ዝርዝር ወደ ጽሑፍ መሻገር አለበት። የሚወጣው ቃል ሁሉ በእውነተኛ የሥራ መመሪያ ውስጥ ገብቶ መፈተን ይኖርበታል።

ፈተናው በሲናናም ሊደረግ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመው የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል በስንዴና በገብስ ምርምር የታወቀ ነው። የዘር ፍተሻ በሚካሄድበት ቦታ ሁሉ ሙቀት መጣኝ ያስፈልጋል፤ በዓለም አቀፉ የዘር ፍተሻ ደንብ ስንዴ የሚበቅልበት መጠነ ሙቀት 20 ዲግሪ ሲሆን፣ እርጥበቱ ለመለካት በ130 ዲግሪ ገደማ ይደርቃል። ሁለቱን ልኮች የሚያስጠብቀው መሣሪያ በወለል ማሞቂያው ላይ ካለው ጋር በመርሕ አንድ ነው። እንግዲህ ቃሉ የሚጠቅመው ወለሉን ለሚያሞቅ ባለጸጋ ብቻ አይደለም። በስዊድንና በኖርዌይ በየመታጠቢያ ቤቱ ይህን ዕቃ የሚያገኘው ስደተኛ ወገናችንም፣ የዘር ናሙና የሚያደርቀው የቤተ ሙከራ ሠራተኛም፣ ማቀዝቀዣ የሚጠግነው የሮቤ ባለሙያም አንድ ቃል ይካፈላሉ።

ማጠቃለያ

የተመለከትነው ምሳሌ የሚያስረዳው አማርኛ ለቴርሞስታት ቃል ያላጣ መሆኑን ነው፤ «መጠነ» ከማጀት ጀምሮ ሲጠብቀው ኖሯል። የጎደለው ቃሎቹን እርስ በርስ የማለያየት ሥርዓት ነው። ስለሆነም ተርጓሚው አንድ መመሪያ ሲጀምር አስቀድሞ የሚጋጩትን ቃላት ለይቶ ቢጽፍ፣ ለእያንዳንዱም አንድ ስም ወስኖ እስከ መጨረሻው ባይለውጥ፣ ለውበት ሲል ተመሳሳይ ቃል ከማፈራረቅ ቢቆጠብ ሥራው ይቃናል። በቅኔ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም መያዙ ሰምና ወርቅ ይባላል፤ ይመሰገናልም። በኤሌክትሪክ መመሪያ ግን ወርቁ ተፈልጎ እስኪገኝ ድረስ ሠራተኛው ሽቦውን ይዞ አይጠብቅም።